ወደ ሲያትል ለሚዛወሩ፦ የመኖሪያ ሰፈርና ቤት አመራረጥ መመሪያ

ለቴክኖሎጂ ሥራ ተቀጥሮ ወይም ሥራ ፍለጋ ወደ ሲያትል የሚመጣ ወገናችን ቤት ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኪራዩ ዋጋና ከፎቶግራፉ ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነበር። ኪራዩ ረከስ ስላለልኝ ብቻ ከከተማው በስተደቡብ፣ ኬንት ውስጥ ቤት ያዝኩ፤ ሥራዬ ግን ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ሬድመንድ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣሁ ቁጥር 405 አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፌያለሁ። ከኪራይ ያተረፍኩትን በቤንዚን፣ በመኪና ጥገናና ገንዘብ በሚያስከፍለው የአውራ ጎዳናው መስመር መልሼ ከፈልኩት፤ ልጄንም ነቅታ የማገኛት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመጣ ዘመድም ሆነ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ መንገዱ ይመረጣል፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ የሥራ ቦታውን ሕንፃ በትክክል ይወቁ

ቀጣሪው «ሲያትል» ሲል ከተማዋን ማለቱ ላይሆን ይችላል። አማዞን ዋና መሥሪያ ቤቱ መሀል ሲያትል፣ ሳውዝ ሌክ ዩኒየንና ዴኒ ትራያንግል በሚባሉት አካባቢዎች ቢሆንም ቤልቪው ውስጥም በርካታ ሕንፃዎች አሉት። ማይክሮሶፍት ሬድመንድ ነው። ጉግል በሳውዝ ሌክ ዩኒየንና በከርክላንድ ይሠራል። በእነዚህ መካከል የዋሽንግተን ሐይቅ ተዘርግቷል፤ ሐይቁን የሚያሻግሩትም ውኃ ላይ የተንሳፈፉ ሁለት የድልድይ መንገዶች ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ ቁጥር 520 የሚባለው፣ ከ2011 ጀምሮ ያስከፍላል፤ የሚያስከፍለውም እንደ ሰዓቱ እየለያየ ስለሆነ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ዋጋው ከፍ ይላል። ሌላኛው፣ ቁጥር 90፣ ክፍያ የለውም፤ በዚያው ልክ ይጨናነቃል።

ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤውን ከመፈረምዎ በፊት የሕንፃውን አድራሻና በሳምንት ስንት ቀን ቢሮ መገኘት እንደሚጠበቅብዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። አማዞን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሠራተኞቹ በሳምንት አምስት ቀን ቢሮ እንዲገቡ አድርጓል። በወረርሽኙ ጊዜ «ከቤት ነው የምሠራው» ብለው ርቀው ቤት የያዙ ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት እንደገና ቤት ለመፈለግ ተገድደዋል።

በቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሰው አንድ ብቻ ካልሆነ የሁለታችሁንም ሥራ ቦታ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ። በእኛ ማኅበረሰብ አንደኛው የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ሌላኛው በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በኬንት መጋዘኖች ወይም በሬንተን የቦይንግ ፋብሪካ መሥራቱ የተለመደ ነው። ማታ ፈረቃ የሚወጣውን ሰው መንገድ አስቀድመው ያስቡ፤ ባቡርም አውቶቡስም የሚሳሳው በዚያ ሰዓት ነውና።

ሁለተኛ፦ ሳምንቱን ካርታ ላይ ያስፍሩ

ሕይወት ቢሮ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንዎ ወይም መስጊድዎ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ እንጀራ የሚገዙበት ሱቅ፣ ልጅ የሚይዙልዎ አክስት ወይም እናት ያሉበት ቦታ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። በሳምንት አምስት ጊዜ የሚሄዱበትን በቀይ፣ አንድ ጊዜ የሚሄዱበትን በሰማያዊ ቢያደርጉት የትኛው መጉላላት እንደሚያዋጣ ወዲያው ይታይዎታል። ለቅዳሴ በሳምንት አንድ ቀን 40 ደቂቃ መንዳት ይቻላል፤ ልጅን ለማድረስ በየቀኑ 40 ደቂቃ መንዳት ግን ሰው ያደክማል።

በትምህርት ቤት በኩል አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጁ የሚመደበው እንደ መኖሪያ አድራሻው ነው፤ የትምህርት አስተዳደሮች ወሰን ደግሞ ከከተማ ወሰን ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ቤቱን ከመያዝዎ በፊት ትክክለኛውን አድራሻ ሰጥተው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሰው አስተዳደሩን ይጠይቁ፤ የአከራዩን ቃል ብቻ ይዘው አይሂዱ።

ሦስተኛ፦ መንገዱን በእግርዎ ይሞክሩት

ሊንክ የሚባለው ቀላል ባቡር በ2009 መሀል ከተማን ከቱክዊላና ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር በማገናኘት ተጀመረ፤ በ2016 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በ2021 ኖርዝጌት፣ በ2024 ሊንዉድ ደረሰ። በምሥራቅ በኩልም ሁለተኛው መስመር በ2024 በቤልቪውና በማይክሮሶፍት ግቢ አጠገብ ባለው ጣቢያ መካከል ተከፍቶ፣ በ2025 መሀል ሬድመንድ ገብቷል። ከኦገስት 2024 ጀምሮ የአዋቂ ዋጋ በየትኛውም ርቀት 3 ዶላር ነው። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ከ2022 ጀምሮ በነጻ ይሳፈራሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አዋቂዎችም ኦርካ ሊፍት የተባለ ቅናሽ ካርድ አለ። ሥራ ገና ያላገኘ ሰው ይህን ካርድ በመጀመሪያው ሳምንት ማውጣት አለበት።

ካርታው «ከጣቢያው 10 ደቂቃ በእግር» ሲልዎ አይመኑት። ሲያትል ኮረብታማ ናት፤ ቢከን ሂልና ኩዊን አን ላይ ያ 10 ደቂቃ ዳገት ሊሆን ይችላል፤ ጋሪ እየገፉ ወይም የገበያ ዕቃ ተሸክመው ሲወጡት ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ከቤቱ በር ተነሥተው እስከ ቢሮው ይሂዱ፤ ሰዓትዎን ይያዙ። ማታ ጨለማ ላይም ያንኑ መንገድ ይመለሱ። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 አካባቢ ስለሆነ፣ በጁላይ ያዩት ውብ መንገድ በክረምት ሙሉ በሙሉ በጨለማና በካፊያ የሚሄዱበት መንገድ ይሆናል። መብራት አለ? የእግረኛ መንገድ አለ? ሰው ይታያል? እነዚህን በዓይንዎ ሳያዩ አይወስኑ። ገና ከተማው ካልገቡ እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ እንዲሄድልዎና ቪዲዮ እየቀረጸ እንዲያሳይዎ ይለምኑ፤ ይህን እምቢ የሚል የአገር ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

አራተኛ፦ ሰፈሮቹን በየባሕርያቸው ይመዝኑ

ሴንትራል ዲስትሪክት የሀበሻው የቆየ ሰፈር ነው። በቼሪና በጄፈርሰን ጎዳናዎች አካባቢ የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸውን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ያገኛሉ። ቀድሞ የጥቁር አሜሪካውያን መናኸሪያ ነበር፤ መናኸሪያ የሆነበትም ምክንያት እስከ 1968 ድረስ በአብዛኛው የከተማው ክፍል ጥቁሮች ቤት እንዳይገዙና እንዳይከራዩ በመከልከላቸው ነው። ከቴክኖሎጂው ዕድገት በኋላ ከመሀል ከተማው ጋር ያለው ቅርበት ዋጋውን ሰቀለው፤ እነዚያው ቤተሰቦች፣ ከእነሱም ጋር ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች፣ ወደ ደቡብ ተገፉ። ይህን የምጽፈው በከፍተኛ ደመወዝ የሚመጣ ወገን ወደ ማን ሰፈር እንደሚገባ እንዲያውቅና ጎረቤቱን በዚያ አክብሮት እንዲቀርብ ነው። ለመሀል ከተማ ሠራተኛ ግን ሰፈሩ እጅግ ምቹ ነው።

ሬይኒር ቫሊ፣ ማለትም ከማውንት ቤከር በኮሎምቢያ ሲቲና በኦቴሎ አልፎ እስከ ሬይኒር ቢች ያለው ሸለቆ፣ ለአብዛኛው አዲስ መጪ ቤተሰብ በመጀመሪያ እንዲያየው የምመክረው ነው። ባቡሩ በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና መካከል ያልፋል፤ 7 ቁጥር አውቶቡስ በሬይኒር ጎዳና ይመላለሳል፤ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማዕከልም ኢትዮጵያን ቪሌጅ ከሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ ጋር እዚሁ ሬይኒር ጎዳና ላይ ይገኛል። የቡና ሥነ ሥርዓት የሚጠራራ ጎረቤት፣ በርበሬ የሚያበድር ሰው፣ ሲታመሙ ሾርባ ይዞ የሚመጣ ሰው በዚህ ሸለቆ ይገኛል፤ ለብቻው ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ክረምት የሚያሻግረውም ይህ ነው። በአንጻሩ ከመንገዱ ወደ መንገዱ ሁኔታው ይለያያል፤ አንዱ ጎዳና ጸጥ ያለ ሆኖ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ያለው ማታ የሚያሳስብ ሊሆን ስለሚችል፣ የሰፈር ስም ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም።

ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ስካይዌይ፣ ሬንተን፣ ቱክዊላ፣ ሲታክ፣ ቡሪየንና ኬንት ይመጣሉ። ኪራዩ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛም ቅርብ ናቸው። የአውሮፕላን ድምፅ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ማረፊያው ከ2008 ጀምሮ ሦስት ማኮብኮቢያ አለው፤ በረራውም በከተማው ውስጥ እስከ ቢከን ሂልና ጆርጅታውን ድረስ ከራስ በላይ ያልፋል። ቤቱን ሲያዩ መስኮቱን ከፍተው 15 ደቂቃ ቁጭ ብለው ያዳምጡ።

ስለ ደቡቡ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በስካይዌይ፣ በቱክዊላና በቡሪየን የሚገኙ ብዙ ቤቶች የፖስታ አድራሻቸው «ሲያትል» ይላል፤ በሕግ ግን ሲያትል ውስጥ አይደሉም። ስካይዌይ እንዲያውም በማንኛውም ከተማ ሥር ያልሆነ፣ በቀጥታ በኪንግ ካውንቲ የሚተዳደር ሰፈር ነው። ወደ ታች የምዘረዝራቸው የሲያትል ተከራይ መብቶች በእነዚህ ቦታዎች እንዳሉ አይሠሩም፤ እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው። ስለዚህ አድራሻው ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በከተማው የወሰን ካርታ ያረጋግጡ።

በሰሜን በኩል ሌክ ሲቲ፣ ኖርዝጌት፣ ሾርላይንና ሊንዉድ አሉ፤ ባቡሩ ከደረሰ ወዲህ ለመሀል ከተማ ሠራተኛ ጥሩ አማራጭ ሆነዋል። ምሥራቁ፣ ቤልቪው፣ ሬድመንድና ከርክላንድ፣ ትምህርት ቤቶቹ የተመሰገኑ ናቸው፤ ኪራዩም በዚያው ልክ ይከብዳል። ሥራዎ እዚያው ከሆነና መኪና መግዛት ካልፈለጉ፣ በሁለተኛው መስመር ጣቢያ አጠገብ ያለች አነስተኛ ቤት ርቆ ካለ ሰፊ ቤት ትሻላለች ብዬ አምናለሁ። ሳውዝ ሌክ ዩኒየንና ካፒቶል ሂል ደግሞ ላላገባ፣ በእግሩ ሥራ መግባት ለሚፈልግ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ቤት አይግዙ። ሰፈሩን በአራቱም ወቅቶች ሳያዩ፣ ሥራውም እንደሚቀጥል ሳያውቁ ለ30 ዓመት ብድር መፈረም ትልቅ አደጋ ነው፤ በ2022 እና በ2023 በትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሥራ የተቀነሱትን የምናውቅ ሰዎች ይህን በቀላሉ አንናገርም።

አምስተኛ፦ የኪራዩን ሙሉ ዋጋ ያስሉ

ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ኪራዩ ብቻ ነው። በብዙ ሕንፃዎች ውኃ፣ ፍሳሽና ቆሻሻ በሌላ ድርጅት በኩል ተከፋፍሎ በየወሩ ለብቻው ይመጣል፤ ፓርኪንግ ለብቻው ነው፤ የተከራይ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። የመብራት ሒሳቡን በተለይ ይጠይቁ። በቆዩ ሕንፃዎች ማሞቂያው በግድግዳው ግርጌ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሆነ የጃንዋሪ ሒሳብ ያስደነግጣል። የዋሽንግተን ግዛት ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆርጥም፤ ነገር ግን ሲያትል ውስጥ የሽያጭ ታክሱ ከ10 በመቶ በላይ ስለሆነ የቤት ዕቃ ሲገዙ ይህንንም ያስቡ።

አዳዲስ ሕንፃዎች «አንድ ወር ነጻ»፣ አንዳንዴም «ሁለት ወር ነጻ» ይላሉ። ማስታወቂያው ላይ የሚያሳዩት ዋጋ ነጻው ወር በ12 ተካፍሎ የተቀነሰበት ሊሆን ይችላል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሲያድሱ ግን የሚነሡት ውሉ ላይ ካለው ሙሉ ኪራይ ነው። በ2025 የወጣው የግዛቱ ሕግ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ኪራይ መጨመርን ከልክሎ፣ ከዚያም በኋላ የዓመቱን ጭማሪ በ7 በመቶና በዋጋ ንረቱ ድምር ወይም በ10 በመቶ፣ ከሁለቱ ባነሰው፣ ወስኗል። ሆኖም የጭማሪው ወሰን ከተሠሩ 12 ዓመት ባልሞላቸው ሕንፃዎች ላይ አይሠራም። አዲስ መጪ የሚማረክባቸው አንጸባራቂ ሕንፃዎች እነዚህ ስለሆኑ የሕንፃውን ዕድሜ መጠየቅ አይርሱ።

ገቢዎ መካከለኛ ከሆነ ደግሞ አዳዲሶቹን ሕንፃዎች ሙሉ በሙሉ አይተዉአቸው። ለባለቤቶቹ የንብረት ግብር ምሕረት ተሰጥቶ፣ በምላሹ የተወሰኑት ክፍሎች በዝቅተኛ ኪራይ የሚከራዩበት ኤም ኤፍ ቲ ኢ የሚባል ፕሮግራም አለ። ወደ ቢሮው ሲገቡ «የኤም ኤፍ ቲ ኢ ክፍል አላችሁ ወይ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ ላይነግሩዎት ይችላሉ።

ስድስተኛ፦ ቤቱን ሲያዩ ምን ይመለከታሉ?

የልብስ ቁምሳጥኑን ከፍተው ጭንቅላትዎን አስገብተው ያሽትቱ። በዚህ ዝናባማ አገር ሻጋታ የሚደበቀው በውጭኛው ግድግዳ በኩል ባለው ቁምሳጥን ጥግና በመስኮት ጠርዝ ላይ ነው። የመስኮቱን ግርጌ በጣትዎ ይዳስሱ፤ እንጨቱ ለስለስ ካለ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ውኃ ሲያድርበት ኖሯል። ቀለሙ አዲስ ሆኖ ሽታው አሮጌ ከሆነ ይተዉት።

ከምድጃው በላይ ያለውን የጭስ ማውጫ አብርተው አየሩ ወደ ውጭ መውጣቱን ወይም ተመልሶ ወደ ክፍሉ መግባቱን በእጅዎ ይለዩ። ቡና የሚቆላና ወጥ የሚሠራ ቤተሰብ ያለዚህ አይኖርም፤ እኔ በያዝኩት የመጀመሪያ ቤት ቡና በተቆላ ቁጥር የጭስ ማንቂያው እየጮኸ ጎረቤት ሁሉ ኮሪደር ላይ ይወጣ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠቀሙ ከሆነ የኩሽናው መስመር ከማሞቂያው ጋር አብሮ መሥራት መቻሉን ይጠይቁ፤ በድሮ ሕንፃ ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ፊውዙ ይወርዳል።

በጁን 28 ቀን 2021 ሲታክ ላይ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር፤ ብዙ ቤቶች ግን የአየር ማቀዝቀዣ የላቸውም። አናት ላይ ያለ፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ ክፍል ከመያዝዎ በፊት ይህን ያስቡ። አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠናም ነው፤ በ2001 መጠኑ 6.8 የደረሰው መንቀጥቀጥ በተለይ የድሮ የጡብ ሕንፃዎችን ጎድቷል። ያላጠናከሩት የጡብ ሕንፃ ከሆነ እኔ አልገባበትም።

ሰባተኛ፦ ማመልከቻ፣ ማስያዣና ውል

አከራዮች ብዙውን ጊዜ የኪራዩን ሦስት እጥፍ የሚሆን ወርኃዊ ገቢ ይጠይቃሉ። የክሬዲት ታሪክ፣ ማለትም ዕዳን በጊዜው የመክፈል መዝገብ፣ ገና ከሌለዎት የቅጥር ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫና ዋስ የሚሆን ሰው ያዘጋጁ። ሲያትል ውስጥ አከራዩ ማመልከቻዎችን በደረሱበት ቅደም ተከተል እንዲያይና መስፈርቱን ላሟላው የመጀመሪያ አመልካች እንዲሰጥ የሚያዝ ደንብ ስላለ፣ ሰነዱን አስቀድሞ ጨርሶ መጠበቅ ይጠቅማል። ማስያዣውና የማይመለሱት የመግቢያ ክፍያዎች አንድ ላይ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለባቸውም፤ በየወሩ ከፋፍሎ የመክፈል መብትም አለዎት። ቤቱ በከተማው የኪራይ ቤቶች መዝገብ ውስጥ መኖሩን በኢንተርኔት ማረጋገጥ ይቻላል። ቤቱን ሳያሳይ ገንዘብ እንዲልኩ የሚጠይቅዎ ሰው፣ አማርኛ ቢናገርም እንኳ፣ አይላኩለት።

ውሉን የማይረዱት ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ። የከተማው አስተዳደር ስለ ተከራይ መብት የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በአማርኛም ያዘጋጃል፤ ስልክ ደውለው «አማርኛ» ቢሉ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ሲያትል ውስጥ ኪራይ ለመጨመር 180 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑንም ያስታውሱ።

በመጨረሻ፣ ቁልፉን በተቀበሉበት ቀን ስለሚደረገው። በግዛቱ ሕግ አከራይ ማስያዣ የሚቀበለው የጽሑፍ ውልና የቤቱን ሁኔታ የሚያሳይ የተፈረመ ዝርዝር ሲኖር ነው። እኔ ደክሞኝ ስለነበር ዝርዝሩን «ሁሉም ደህና» ብዬ ፈረምኩ፤ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ግን ከእኔ በፊት የነበረ የካውያ ቃጠሎ ምልክት ነበር። ስወጣ ያንን በእኔ ላይ ቆጥረው ከማስያዣው ቆረጡ፤ የምከራከርበት ማስረጃም አልነበረኝም። እርስዎ ሻንጣ ከማስገባትዎ በፊት ባዶውን ቤት ክፍል በክፍል ፎቶ ያንሡ፤ ምንጣፉን፣ የምድጃውን ውስጥ፣ የመታጠቢያውን ጠርዝ፣ የመስኮቱን መጋረጃ ሳይቀር። እንከኑን ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ይጻፉ፤ ፎቶዎቹንም በዚያኑ ቀን ለአከራዩ በኢሜይል ይላኩ። ሲወጡ ማስያዣውን ወይም የተቆረጠበትን ምክንያት ከነማስረጃው በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥዎ ይገባል፤ በተለመደው አኗኗር ያረጀ ነገርንም ሊያስከፍልዎ አይችልም።